ዕድሜ ጠያቂው በር ለማን ይከፈታል?

ሕፃናትን ኢንተርኔት ላይ ከሚገኝ ጎጂ ነገር መጠበቅ ተገቢ ስለመሆኑ ክርክር የለም። የሚያከራክረው የጥበቃው ሒሳብ በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። ብሪታንያ ውስጥ የተዘረጋው አሠራር ሲመረመር፣ ከሒሳቡ ከፊሉ በአካል ጉዳተኞች ላይ የሚወድቅ መሆኑን መረዳት አያዳግትም።

ብሪታንያ የኢንተርኔት ደኅንነት ሕጓን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2023 ሲሆን፣ ሕፃናትን የሚመለከተው ግዴታ ከሐምሌ 25 ቀን 2025 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆኗል። ወሲብ ነክ ይዘት፣ እንዲሁም ራስን መጉዳትንና ራስን ማጥፋትን የሚያበረታታ ይዘት ወደ ሕፃናት እንዳይደርስ ድርጅቶች የደንበኛውን ዕድሜ ማጣራት አለባቸው። «ከ18 ዓመት በላይ ነኝ» የሚል ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ ከእንግዲህ አይበቃም። ግዴታውን ያልተወጣ ድርጅት እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከዓለም አቀፍ ገቢው እስከ 10 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ሊቀጣ ይችላል።

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም ብቁ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ሰባት መንገዶችን ዘርዝሯል። ከእነዚህም ውስጥ የፊትን ገጽታ አይቶ ዕድሜን መገመት፣ ፎቶግራፍ ያለበትን መታወቂያ ማመሳከር፣ የክሬዲት ካርድና የሞባይል መስመር ማጣራት ይገኙበታል። በወረቀት ላይ ሲታዩ ምርጫው ሰፊ ይመስላል። ይሁን እንጂ ደንበኛው የሚያገኘው ሰባቱን ሳይሆን ድርጅቱ የገዛውን አንዱን ወይም ሁለቱን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የፊት ግምት የሚሠራው ደንበኛው ፊቱን ስልኩ ላይ በተሳለው ክብ ውስጥ አስገብቶ ሳይነቃነቅ ሲቆይ ነው። ዓይነ ስውር ክቡን አያየውም፤ ስልኩ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ራቅ» እያለ በድምፅ ካልመራው ሰዓቱ ያልፍበታል። እጁ ወይም አንገቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው ረግቶ መቆየት አይችልም። ፊቱ በቃጠሎ የተጎዳን ወይም ከተፈጥሮ የተለየ ገጽታ ያለውን ሰው መሣሪያው አሳስቶ ሊገምተው ይችላል። በመታወቂያ ይሁን ቢባል ዓይነ ስውር መንጃ ፈቃድ የለውም። በክሬዲት ካርድ ይሁን ቢባል ቋሚ ገቢ የሌለው ሰው ካርዱን በቀላሉ አያገኝም። የስልክ መስመሩ በእናቱ ወይም በተንከባካቢው ስም የወጣ ሰው ደግሞ በዚያም በኩል ዕድሜው አይታወቅም። እንዲህ ሲሆን የ40 ዓመት ጎልማሳ ከ12 ዓመት ልጅ ጋር አብሮ ከደጅ ይቀራል።

ለመሆኑ ይህ ለምን ሆነ? መልሱ የነጋዴው ክፋት አይደለም። ነጋዴ በይበልጥ የሚፈራውን ያስቀድማል። ልጅ ሾልኮ ከገባ የሚመጣው በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጣት ነው። አካል ጉዳተኛ ከተመለሰ ግን የሚመጣበት ነገር እምብዛም ነው። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ አገልግሎት ሰጪዎች ለአካል ጉዳተኞች ተገቢውን ማስተካከያ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ነገር ግን መብቱን ለማስከበር በአብዛኛው ተበዳዩ ራሱ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። ኦፍኮምም ማጣሪያው ትክክለኛ፣ የማይታለል፣ አስተማማኝና አድልዎ የሌለበት እንዲሆን አራት መስፈርቶች ሲያስቀምጥ፣ ለሁሉም ተደራሽ መሆኑን ግን ከግምት ሊገባ የሚገባው መርህ ብሎ ለብቻው አስቀምጦታል። በመስፈርትና በመርህ መካከል ያለውን ልዩነት ገዢም ሻጭም ጠንቅቀው ያውቁታል።

አማራጭ መንገዶች ሲበዙ ልጆች የሚሾልኩበት ቀዳዳም ይበዛል የሚሉ አሉ። ክርክሩ ክብደት ቢኖረውም ሰባቱንም መንገዶች ብቁ ሊሆኑ ይችላሉ ያለው ራሱ ተቆጣጣሪው ነው። ከሰባቱ ሦስቱን ማቅረብ ጥበቃውን አያላላም። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከማኅበራዊ መገናኛ አውታሮች የሚያግድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ስታውል፣ አውታሮቹ የመንግሥት መታወቂያን ብቸኛ መንገድ እንዳያደርጉ፣ ሌላ አማራጭም እንዲያቀርቡ ደንግጋለች። ድንጋጌው የታሰበው የግል መረጃን ለመጠበቅ ቢሆንም፣ አማራጭን በሕግ ማስገደድ እንደሚቻል ግን አሳይቷል።

ወጪውን የሚያነሱ ነጋዴዎችም ሌላውን ዓምድ ማየት ይገባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ 1.3 ቢሊዮን፣ ማለትም ከስድስት ሰዎች አንዱ፣ ከባድ የአካል ጉዳት አለበት። ይህን ያህል ደንበኛ ከበር የሚመልስ ሱቅ አተረፍኩ ሊል አይችልም።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ድርጅቶች ማጣሪያ ሲገዙ ዓይነ ስውራንና እንቅስቃሴ የሚያውካቸው ሰዎች ሞክረው ያለፉበት መሆኑን በውሉ ላይ ያስፍሩ። ማሽኑ ሲያቅተው ደንበኛው ደውሎ ሰው የሚያገኝበት መስመር ይኑር። አንድ ጊዜ የተረጋገጠ ዕድሜም በሌላው ድረ ገጽ ተቀባይነት ይኑረው። ከሁሉ በላይ ተቆጣጣሪው ስንት ልጅ ሾለከ ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ስንት ጎልማሳ ያለ አግባብ ተመለሰ ብሎ ይጠይቅ፤ ለሁለቱም ተጠያቂነት ያስቀምጥ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በቅጣት ፍርሃት በጥድፊያ የተገጠመ በርም ነገ ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ያን ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ ዛሬ አስቦ ከመግዛት እንደሚበልጥ ነጋዴ አይስተውም።