ስስ አየርና የኩላሊት ካንሰር መድኃኒት፦ የአራዳ ታካሚ በየትኛው መለኪያ ይመዘን?

የኩላሊት ካንሰር ሕክምና በቅርብ ዓመታት ካገኛቸው መድኃኒቶች አንዱ የሚሠራው ሕዋሳት ለኦክስጅን እጥረት የሚሰጡትን ምላሽ በማፈን ነው። ይህ ምላሽ ግን የዕጢ ሕዋስ ብቻ መሣሪያ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ በሚገኘው በአራዳ ጊዮርጊስ የሚኖር ጤነኛ ሰው አካልም ይገለገልበታል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት፣ ከእርሱም ጋር የኦክስጅን ግፊት፣ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም መድኃኒቱ ለሁሉም ቦታ አንድ ሆኖ በተቀመጠ የደኅንነት ገደብ ብቻ ለአዲስ አበባ ታካሚ ሊታዘዝ አይገባውም፤ የከተማዋ ታካሚዎች መነሻ ልኬት አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

የነገሩ ሥር ሕዋስ የኦክስጅንን መጠን የሚያውቅበት ሥርዓት ነው። የሥርዓቱ ማዕከል ሂፍ የሚባል፣ የሌሎችን ጂኖች ሥራ የሚያዝ ፕሮቲን ነው። ኦክስጅን በበቂ መጠን ሲገኝ ኤንዛይሞች በሂፍ ላይ ኬሚካዊ ምልክት ያኖራሉ፤ ቪኤችኤል የተባለው ሌላ ፕሮቲን ምልክቱን ለይቶ ሂፍ እንዲፈርስ ያደርጋል። ኦክስጅን ሲያንስ ግን ምልክቱ አይኖርም፤ ሂፍ ከመፍረስ ይተርፋል፤ አዲስ የደም ሥር የሚያበቅሉ፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያበዙና የስኳር አጠቃቀምን የሚለውጡ ጂኖችን ያስነሣል። ይህን ሥርዓት ደረጃ በደረጃ የገለጡት ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰመንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ከኩላሊት ካንሰሮች ሦስት አራተኛ ያህሉን በሚይዘው ክሊር ሴል በተባለው ዓይነት፣ በአብዛኞቹ ዕጢዎች ውስጥ የቪኤችኤል ጂን ሥራውን አቁሟል። ሕዋሱ አየር ሳይጎድለው እንደ ታፈነ ይሆናል፤ ሂፍ ይከማቻል፤ ዕጢውም የደም ሥር እየሳበ ያድጋል። ከሂፍ ዓይነቶች መካከል ለዚህ ዕድገት ዋና ገፊ ሆኖ የተገኘው ሂፍ-2 ነው። እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ድምዳሜ በር ላይ ይጠብቃል፤ ይኸውም ስስ አየር ሂፍን ካስነሣ፣ ሂፍም ካንሰርን ከገፋ፣ ደጋ መኖር ለኩላሊት ካንሰር ያጋልጣል የሚል ነው። ዕጢው የተነሣው ግን ኦክስጅን ስላነሰው ሳይሆን መለኪያው ስለ ተሰበረ ነው። በሩሲያ የቹቫሽ ሕዝብ መካከል የተዳከመ ቪኤችኤልን ከሁለቱም ወላጆች የወረሱ ሰዎች ቀይ የደም ሕዋሳቸው ከልክ በላይ ይበዛል፤ ቪኤችኤልን ጨርሶ በሚያሰናክለው የዘር ሕመም የሚታየው የኩላሊት ዕጢ ግን መለያቸው አይደለም። የሂፍ ከፍ ማለት ብቻውን ካንሰርን እንደማይፈጥር ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ተመራማሪ ትኩረት ደጋ ካንሰርን ያመጣል ወይ ከሚለው ይልቅ ደጋ ሕክምናውን እንዴት ይለውጣል ወደሚለው መዞር ይገባዋል። ቤልዙቲፋን የተባለው መድኃኒት ሂፍ-2ን በቀጥታ ያግዳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ለቪኤችኤል የዘር ሕመምተኞች፣ በ2023 መጨረሻ ደግሞ ሌሎች ሕክምናዎችን ወስደው በሽታው ለገፋባቸው የኩላሊት ካንሰር ታካሚዎች ፈቅዶታል። የተለመደው መጠን በቀን 120 ሚሊግራም ሲሆን በአፍ ይወሰዳል። ከታወቁት ጉዳቶቹ ሁለቱ የደም ማነስና በደም ውስጥ የኦክስጅን መቀነስ ናቸው። እነዚህ የመድኃኒቱ ሥራ ሌላኛው ገጽ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያበዛውን ኤሪትሮፖይቲንን የሚያዝ ሂፍ-2 ነውና። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም አየር ሲሳሳ አተነፋፈስን የሚያፋጥነው የአንገት አካል በሂፍ-2 ላይ እንደሚደገፍ አሳይተዋል።

የመድኃኒቱ መመሪያ ታካሚው በዕረፍት ላይ ሳለ የደሙ የኦክስጅን ሙሌት ከ88 በመቶ በታች ከወረደ መድኃኒቱ እንዲቋረጥ ያዛል። ይህ ቁጥር በሁሉም ቦታ አንድ ትርጉም የለውም። ለምሳሌ ከ98 በመቶ የሚነሣ ታካሚ እስከ ገደቡ አሥር ነጥብ ይቀረዋል፤ ከ93 የሚነሣው አምስት ብቻ። ታካሚውም በአንድ ከፍታ ላይ አይቀመጥም። ከጊዮርጊስ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ በሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕክምና የጀመረ ሰው ቤቱ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን፣ ወይም 500 ሜትር ገደማ ባላት ጋምቤላ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የተመዘገበው አንድ ልኬት ለሁለቱም አይበቃም።

የደጋ ሰው ከአየሩ ጋር ተላምዷልና ሥጋት የለም የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል፣ አማሃ ገብረመድህንና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠናቸውና የኦክስጅን ሙሌታቸው ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ጋር እንደሚቀራረብ ማሳየታቸው እውነት ነው። ሆኖም በ2012 የወጣ የዘረ-መል ጥናት የቲቤታውያንን ሄሞግሎቢን የሚያስረዱት የጂን ልዩነቶች የኢትዮጵያውያንን እንደማያስረዱ፣ የአማራና የኦሮሞ ደገኞች ምላሽም አንድ እንዳልሆነ አመልክቷል። ከቲቤታውያን ጂኖች ዋነኛው ሂፍ-2ን የሚሠራው ራሱ መሆኑ ሲታሰብ፣ የሌላ ደጋ ሕዝብ ልምድ እንዳለ ሊቀዳ እንደማይችል ግልጽ ይሆናል። የአራዳ ነዋሪም የአንድ ደጋ ተወላጅ ብቻ አይደለም፤ ከቆላ መጥቶ የከተመው ብዙ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዋጋ ነው፤ እጅግ ውድ ለሆነ መድኃኒት ከወዲሁ ምርምር ማባከን ነው የሚል። የሚያስፈልገው ዝግጅት ግን ውድ አይደለም። ለእያንዳንዱ የኩላሊት ካንሰር ታካሚ ከሕክምና በፊት በዕረፍትና ከእርምጃ በኋላ የሚወሰድ የፐልስ ኦክሲሜትር ንባብ፣ የሄሞግሎቢን መጠን፣ የተወለደበትና የሚኖርበት ቦታ ከፍታ፤ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ ገደብን በከፍታ እያስተካከለ እንዲነበብ ማድረጉ ሐሳቡ እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባም ሥራው የሚያርፍበት መሠረት አለው። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ የጥናት ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች በአንድ ዓመት ሊጠናቀቅ የሚችል ሥራ ነው።

መድኃኒቱ በስፋት ሲደርስ ሐኪሙ ሁለት ስሕተቶች ይጠብቁታል፤ ከፍታው ያወረደውን ቁጥር የመድኃኒት ጉዳት ነው ብሎ የሚጠቅመውን ሕክምና ማቋረጥ፣ ወይም እውነተኛውን ጉዳት የደጋ ጠባይ ነው ብሎ ማለፍ። ሁለቱንም የሚለየው ታካሚው ኪኒኑን ከመዋጡ በፊት የተጻፈ ቁጥር ነው።