ልጅ የሚጾመው ለማን ነው?

በዚህ በተከበረው የረመዳን ወር ገና ያልደረሱ ልጆቻችን «እኛም እንጹም» ይላሉ። እኩለ ቀን ላይ አንዱ ጓዳ ገብቶ ውሃ ይጠጣና አፉን ጠርጎ ይወጣል። ሲጠየቅ «ጾመኛ ነኝ» ይላል። ይህን ልጅ ምን እንበለው?

ሸሪዓችን ልጅን በአንድ ቀን ሙሉ ሰው አያደርገውም። ሶላትን በ7 ዓመቱ ስገድ ይባላል፤ ምክር ከዱላ ይቀድማል። ለአካለ መጠን እስኪደርስ ድረስም ኃጢአት አይጻፍበትም። በመዲና የነበሩ ሶሐባዎች በዐሹራ ቀን ልጆቻቸውን ሲያስጾሙ ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸው እንደነበር፣ ርቦት ያለቀሰውንም እስከ ኢፍጣር በዚያ ያባብሉት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

የስዊዘርላንዱ ምሁር ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት ለልጆች ሁለት ታሪክ ይነግራቸዋል። አንዱ ልጅ በር ሲከፍት ሳያውቅ 15 ሲኒ ሰበረ። ሌላው እናቱ በሌለችበት ማርማላታ ሊወስድ ሲንጠራራ 1 ሲኒ ሰበረ። የቱ ይበልጥ አጠፋ? ብዙዎቹ ትንንሾች 15 የሰበረውን አሉ፤ ከፍ ያሉት ግን ያሰበውን አዩ። እኛ ይህን «ኒያ» እንለዋለን። ሰሒሕ አል-ቡኻሪም የሚከፈተው ሥራ በኒያ እንደሚመዘን በሚናገረው ሐዲስ ነው።

እኛ ወላጆችና ኡስታዞች ግን ብዙ ጊዜ ሲኒ ቆጥረን እንቀጣለን። በልጅነታችን ቁርኣን ስንቀራ አለንጋው ሲታይ እናነባለን፤ መምህሩ ዞር ሲሉ እንጫወታለን። ፍርሃት ብቻውን የሚያስተምረው መደበቅን ነው። በዚህ መንገድ ያደገ ሰው ጢሙ ከሸበተ በኋላም እየጾመ ሚዛን ያጎድላል፤ የሚፈራው ተቆጣጣሪውን ነውና። ዕድሜው 40 ይሙላ እንጂ ልቡ ገና ጓዳ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ውሃ የጠጣውን ልጅ አንምታው፤ በሰው ፊትም አናሳፍረው። ለብቻው ጠርተን «ልጄ፣ ጠምቶህ መጠጣትህ ጥፋት አይደለም፤ ጾሙ ገና ግዴታህ አይደለም። ግን ለምን ደበቅከን?» እንበለው። እውነቱን ሲነግረን አንቆጣው፤ እናመስግነው። ጾም በተዘጋ በር ውስጥ እንኳ አላህ የሚያውቀው ኢባዳ መሆኑን ያን ጊዜ እናስረዳው። መግሪብ ሲደርስም ከጾመኞቹ እኩል ቴምሩን እናቅርብለት። ነገ ብቻውን ሲሆን የሚጠብቀው ዱላችን ሳይሆን ይህ ነው።

ረመዳን ሙባረክ!