አነስተኛ የኳንተም ሰርኪዩቶች እና የመረጃ ደኅንነት ስጋት

እ.ኤ.አ. በ2001 የአይ ቢ ኤም እና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ኪዩቢት ባለው የኳንተም መሣሪያ 15 ቁጥርን ወደ 3 እና 5 መተንተናቸው ይታወሳል። ውጤቱ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪም የማይሰወር ቢሆንም፣ የሒሳብ ሊቁ ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት ስልተ ቀመር በተግባር ሊሠራ እንደሚችል አመላክቷል።

የጉዳዩ ክብደትም ከዚህ ይመነጫል። በኢንተርኔት የሚተላለፉ የባንክና የመንግሥት መረጃዎችን ለመጠበቅ በስፋት የሚያገለግለው አር ኤስ ኤ የተመሠረተው ግዙፍ ቁጥሮችን መተንተን እጅግ አዳጋች በመሆኑ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ከ15 ተነሥቶ ብዙ መቶ አሃዝ ወዳለው ቁጥር መድረስ ኪዩቢት በመጨመር ብቻ የሚሳካ አይደለም። በር በመባል የሚታወቀው እያንዳንዱ የሰርኪዩቱ እርምጃ የየራሱን ስሕተት ያስከትላል። ለአብነት አንዱ በር 99 በመቶ በትክክል ቢሠራ፣ 100 በሮችን ያለ ስሕተት የማለፍ ዕድሉ ወደ 37 በመቶ ያሽቆለቁላል። በመሆኑም የነዳፊው ዐቢይ ተግባር ያንኑ ሥራ በጥቂት በሮች ማከናወን ነው።

አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ2016 ባለ አምስት ኪዩቢት መሣሪያ በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት ማድረጉ፣ ውድ ቤተ ሙከራ የሌላቸው ተቋማትም የነደፉትን ሰርኪዩት በእውነተኛ መሣሪያ እንዲፈትሹ አስችሏል።

በሌላ በኩል የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 የኳንተም ጥቃትን ለመቋቋም የታለሙ ሦስት የምስጢር መጠበቂያ ደረጃዎችን ይፋ አድርጓል። ዛሬ የተጠለፈ መረጃ ተከማችቶ ከዓመታት በኋላ ሊፈታ ስለሚችል፣ ዝግጅቱን ኃያሉ መሣሪያ እስኪሠራ ማቆየት እንደማይገባ ከወዲሁ መገንዘብ ያሻል። ለዚህም በአነስተኛ ሰርኪዩቶች የሠለጠነ ባለሙያ ማፍራት ቀዳሚው እርምጃ ነው።