የያልፋል ውለታ

ለሚ ስሄድ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀበለኝ የአክስቴ ውሻ ነው። ስሙ ያልፋል ይባላል። በእኛ አገር ውሻ ሲጠራ መልእክቱን የሚሰማው ጎረቤት ነውና፣ አክስቴ በክፉ ቀን ያወጡለት ስም ነው። አምና ግን ያልፋል ከአጥሩ ሥር ተኝቶ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። በገበቴ የቀረበለትን ውሃ ጨልጦ ይጨርስና ወዲያው ይሸናል። የሰጡትን ሁሉ ይበላል፤ የጎኑ አጥንት ግን ይቆጠራል። «አርጅቷል፤ ገደል ስደዱት» ያለ ጎረቤት ነበር። አዲስ አበባ አምጥቼ የእንስሳት ሐኪም ደሙንና ሽንቱን ሲመረምር የስኳር በሽታ ሆኖ ተገኘ።

«ልጄ፣ ስንት ዓመት ይኖርልኛል?» አሉ አክስቴ። በሽታው ውሻን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ካረጀ ወዲህ ስለሆነ፣ ታክመው ሁለት ዓመት አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ከባዱ የመጀመሪያው ጥቂት ወር ነው፤ ያን የተሻገረና በደንብ የተያዘ ውሻ እንደ ጤነኛ እኩዮቹ ሊያረጅ ይችላል።

አያያዙ ሰዓት ማክበር ነው። በየ12 ሰዓቱ አንድ ዓይነት ምግብ በልኩ፣ ከዚያም ሐኪም የወሰነው ኢንሱሊን። ምግብ እምቢ ያለን ውሻ እንደ ወትሮው መውጋት አደገኛ ነው፤ ስኳሩ ወርዶ ቢንቀጠቀጥና ቢንገዳገድ ድዱን ማር ቀብቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ሴት ከሆነች ማምከን ይረዳል፤ ከስሪያ ወቅት በኋላ የሚጨምረው ሆርሞን ኢንሱሊኑን ያሰናክላልና። እየታከሙም ብዙዎቹን የዓይን ሞራ ይጋርዳቸዋል። ያልፋልም አሁን ግቢውን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው።

«ለሰው ያልበቃ መድኃኒት ለውሻ?» የሚለኝ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከታመመ ልጅ ድርሻ ተነጥቆ ለውሻ ይሰጥ አልልም። ነገር ግን መድኃኒቱ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1889 ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የበሽታውን ምንጭ ያገኙት የውሻ ቆሽት አውጥተው ነው። በ1921 ተመራማሪዎቹ ባንቲንግና ቤስት ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊንን የፈተኑት በውሾች ላይ ነው። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋ፤ ከሞት አፋፍም ተመለሰ። ዛሬ ጠዋት ኢንሱሊን የወሰደ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የእነዚያ ውሾች ውለታ አለበት።

ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን፤ ውለታ አይረሳም ማለታችን ነው። እኛስ? በገጠር ለበሬና ለበግ ሐኪም ይጠራል፤ ውሻ የሚታሰበው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲመጣ ነው። ለሰው ሽንት የምንጠቀምበት የስኳር መመርመሪያ ወረቀት ለውሻም ይሠራል፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። የወረዳ እንስሳት ጤና ክሊኒኮች ይህን ቢይዙ ብዙ ውሻ ከገደል ይተርፋል። መታከም ያልቻለውም ቢሆን ሳይሰቃይ በሐኪም እጅ ይረፍ እንጂ መርዝ አይገባውም።

ውሻችሁ ውሃ መጠጣት አብዝቶ፣ እየበላ ከከሳ፣ ገደል ከመስደዳችሁ በፊት ሽንቱን አስመርምሩ።