በጊዜ የተጣለ መረብ

በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ማታ ይጥላል፤ ማለዳም ያወጣል። ማታ የሰነፈ ግን ሲነጋ የሚያወጣው ዓሣ የለውም። ትምህርትም እንዲሁ ነው።

በዚያችው ከተማ፥ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ትልቅ ትምህርት ቤት በ1992 ዓ.ም. ተቋቋመ። ወደዚያ አዲስ ተማሪ ከሩቅ አገር ይመጣል። በቤቱ ሳለ እናቱ ትቀሰቅሰው፥ አባቱም «አጥና» ይለው ነበር፤ እዚያ ግን የሚቀሰቅሰውም የሚቆጣውም የለም። ስለዚህ አንዳንዱ ነጻ የወጣ መስሎት ቀኑን በጨዋታ ያሳልፋል። ፈተና ሲደርስ ግን የብዙ ወር ትምህርት በአንድ ሌሊት አይገባውም። ሌላውም ያልገባውን ለመጠየቅ ያፍራል፤ አለማወቁም አብሮት ይኖራል።

ነጻነት ያለ አዛዥ መኖር አይደለም፤ ራስን ማዘዝ ነው እንጂ። ይህም ልማድ በዩኒቨርሲቲ አይጀመርም። ዛሬ ሳይቀሰቅሱት የሚነሣ፥ ሳያዙት የሚያነብ፥ ያላወቀውን የሚጠይቅ ልጅ መረቡን በጊዜ ጥሏል።