ሚዛን የሌለው ነጋዴና መለኪያ የሌለው ጠጋኝ

ቡሬ ገበያ በርበሬውን ወይም በቆሎውን ይዞ የቀረበ ገበሬ አስቀድሞ የሚመለከተው የነጋዴውን ፊት ሳይሆን ሚዛኑን ነው። ነጋዴው ኬሻውን በእጁ አንሥቶ «ይህስ ሃያ ኪሎ ይሆናል» ቢለው አይሰማውም፤ ይመዘንልኝ ይላል። ይኸው ገበሬ ግን የታመመ ቴሌቪዥኑን በአውቶቡስ ጭኖ ፍኖተ ሰላም ያደረሰ እንደ ሆነ፤ ጠጋኙ መስተዋቱን አየት አድርጎ «ፒክቸሩ ሞቷል» ቢለው አዝኖ ከመመለስ በቀር የሚለው የለውም። በእህል ገበያ ያልተፈቀደ ግምት በቴሌቪዥን ጥገና ስለ ምን ይፈቀዳል? ለወጣት አንባቢዎቻችን ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ጉዳይ ይህ ነው።

«ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ከመጣ ወዲህ ስለ አሮጌው ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚለን ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን በጃቢ ጠህናንም ሆነ በወምበርማ ገጠር ያለ ሰው አዲስ ነገር ስለ ወጣ ብቻ የሚሠራ ዕቃውን አውጥቶ አይጥልም። ጀርባው የጎደጎደው ቴሌቪዥን ከሪሲቨር ጋር ተያይዞ ዜናውንም ድራማውንም ያሳያል። ደግሞም የሥዕል ቱቦ ያመርቱ የነበሩት ትልልቅ ፋብሪካዎች ሥራቸውን ስላቆሙ፤ ዛሬ አንድ ቱቦ በስሕተት ሞተ ተብሎ ቢጣል ወይም በጥገና ሰበብ ቢቃጠል አዲስ ምትክ አይገኝለትም። ስለዚህ የስሕተቱ ዋጋ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ከብዷል።

የዚህ ቱቦ አባት ጀርመናዊው ሊቅ ፈርዲናንድ ብራውን ሲሆን፤ የመጀመሪያውን የሠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1897 ነው። ወደ እኛ አገር ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ገባ፤ ባለ ቀለሙ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1984 ተከተለ። የቱቦው አሠራር ሲታይ በአንገቱ ውስጥ ካቶድ የሚባል ትንሽ ብረት አለ፤ ይህ ብረት ባሪየምና ስትሮንሺየም በሚባሉ ማዕድናት ኦክሳይድ የተቀባ ነው። የማሞቂያው ክር ሲያግለው ኤሌክትሮን ይረጫል፤ ኤሌክትሮኑም በከፍተኛ ቮልቴጅ ተስቦ መስተዋቱን በመምታት ብርሃን ያወጣል። ጥቁርና ነጩ አንድ፤ ባለ ቀለሙ ግን ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ካቶዶች አሉት።

በዘመን ብዛት የካቶዱ ቅብ ይደክማል። ያን ጊዜ ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ሲከፈትም ብርሃኑ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ወይም ከሦስቱ ቀለማት አንዱ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ይኸው ምልክት ከሌላ ሕመምም ይመጣል። ሊዱ የለቀቀ የማሞቂያ መስመር፤ ዋጋው የተለወጠ ሬዚስተር፤ ወይም በፍላይባኩ ላይ ያለው የስክሪን ማስተካከያ ከቦታው መዛወሩ፤ ሁሉም ደኅናውን ቱቦ የሞተ ያስመስሉታል። በሌላ በኩል መስተዋቱ በአንድ ቀለም ተጥለቅልቆ ቢታይ፤ የማሞቂያው ክር ከካቶዱ ጋር ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። ይህ መሆኑ በመለኪያ ከተረጋገጠ በፍላይባኩ ብረት ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ሽቦ ጠምጥሞ ማሞቂያውን ለብቻው በመመገብ ቴሌቪዥኑን ማዳን ይቻላል። ያልለካ ጠጋኝ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ቃል «ሞቷል» ብሎ ይጠቀልለዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ያልተመረመረ በሽታም ከተደበቀ አይሻልም።

እንግዲህ አቅሙ ትንሽ የሆነ ወጣት ጠጋኝ በምን ይጀምር? በእኛ አስተያየት በመልቲሜትር ይጀምር። በእርሱ የማሞቂያው ክር መበጠስ አለመበጠሱን፤ የኃይል መስመሮቹንም ያውቃል። አንድ ነገር ግን ማስተዋል ይገባዋል። የብዙ ቱቦዎች ማሞቂያ 6.3 ቮልት ሲሆን፤ በብዙ ቴሌቪዥኖች ይህ ኃይል የሚመጣው ከፍላይባኩ በሴኮንድ 15,625 ጊዜ በሚመላለስ ምት ነው። ተራ መልቲሜትር የተሠራው ለመብራት ኃይል 50 ምት ስለ ሆነ እዚህ ላይ የሚሰጠው ቁጥር ሊያሳስት ይችላል። ሁለተኛው የከፍተኛ ቮልቴጅ መለኪያ ዘንግ ነው፤ የባለ ቀለም ቱቦ አኖድ ከ20,000 ቮልት በላይ ስለሚደርስ በሌላ መሣሪያ አይሞከርም። ሦስተኛው ቴሌቪዥኑን ከመብራት መስመሩ የሚለይ ትራንስፎርመር ነው። ይህ የሚለካው ነገር ባይኖርም የሠራተኛውን ሕይወት ይጠብቃል።

ከዚህ በኋላ የቱቦ መመርመሪያው ይመጣል። በአሮጌ ዕቃ ገበያ ስማቸው ከሚጠራው መካከል የአሜሪካኖቹ ቢ ኤንድ ኬ 467 እና ሴንኮር ሲ አር 70 ይገኛሉ። ገዥው ግን ስም አይግዛ፤ የሚከተለውን ይጠይቅ። ሦስቱን ካቶዶች ለየብቻ ይለካልን? በውስጥ ያለ መነካካትንና መፍሰስን ያሳያልን? የማሞቂያውን ቮልት ዝቅ አድርጎ የካቶዱ ጉልበት ምን ያህል እንደሚወርድ በማየት የቀረውን ዕድሜ ለመገመት ያስችላልን? ከሁሉም በላይ ሶኬቶቹና የማስተካከያ መጽሐፉ አብረውት አሉን? የቱቦ አንገት 29.1 ሚሊሜትር የሆነ አለ፤ 22.5 ሚሊሜትር የሆነም አለ፤ የእግሮቹም አደራደር ይለያያል። ሶኬቱ የጎደለ መመርመሪያ ድንጋይ የሌለው ሚዛን ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ደግሞ 120 ቮልት ገደማ የሚፈልግ በመሆኑ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ አይሰካም።

ብዙዎች እነዚህን መሣሪያዎች የሚወዷቸው ስለ ምርመራው ሳይሆን «ቱቦ ያድሳሉ» ስለ ተባለ ነው። እውነት ነው፤ ካቶዱን ከልክ በላይ አግሎ ብርቱ ኃይል በመልቀቅ የደከመውን ቅብ መቀስቀስ ይቻላል። አንዳንዱ በዚህ ጥቂት ወራት ወይም ከዚያ በላይ ያገለግላል። አንዳንዱ ግን ቅቡ ተገፍፎ ወዲያው ይሞታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፤ ሳይለካ ወደ ማደስ የሚሮጥ ጠጋኝ ደኅናውን ቱቦ በገዛ እጁ ይገድላል። ስለዚህ ማደስ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን፤ እርሱም ባለቤቱ አደጋውን ሰምቶ ከፈቀደ በኋላ ይደረግ።

ቱቦው አየር የሌለበት ዕቃ መሆኑም አይዘንጋ። አንገቱ ከተመታ ሊፈነዳ ይችላል፤ አኖዱም ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ በሽቦ ወደ ቱቦው የውጭ ቅብ መሬት ሳይለቀቅ አይነካም። በእርግጥ የሞተውን ቱቦ ሰብሮ በወንዝ ዳር መጣልም በደል ነው፤ የባለ ቀለም ቱቦ የኋላ መስተዋት ከመቶ ሃያ በላይ የእርሳስ ኦክሳይድ አለበትና።

በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችና በዕቃ ግዢ ክፍሎች ለምታገለግሉ ወጣት ሹማምንትም አንድ ቃል አለን። የጨረታ ወረቀት ላይ «የቱቦ መመርመሪያ፤ አንድ» ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም። አስቀድማችሁ ሥራውን ከሚሠራው ሰው ጋር ተቀመጡ፤ ሶኬቱን፣ መጽሐፉን፣ ቮልቱን በዝርዝር ጻፉ። ተማሪው ከዚያ የሚወርሰው ከሁሉ በፊት የመለካትን ልማድ ነው። ይህ ልማድ ነገ በጠፍጣፋው ቴሌቪዥንም፣ በውሃ ፓምፑም፣ በሆስፒታሉ መሣሪያም ላይ ያገለግለዋል።

በመጨረሻ ወጪ የማያስወጣ አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ማንኛውም ጠጋኝ «ሞቷል» ወይም «ደኅና ነው» ብሎ ሲፈርድ የለካውን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ለባለቤቱ ይስጥ፤ ቀኑን፣ የማሞቂያውን ቮልት፣ የሦስቱን ካቶዶች ንባብ። ባለቤቱ ቁጥሩን ባያነብ እንኳ ሌላ ጠጋኝ ያነብለታል። በዚህ ዓይነት ከሩቅ አገር ዕቃውን ተሸክሞ የመጣ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለሰው የሰው ግምት ይዞ ሳይሆን ማስረጃ ይዞ ይሆናል።