ኪሚሪንግ፦ በበረዷማ አገር የተገነባው የውድድር ትራክ ለዕቅድ አውጪዎች የሚተወው ትምህርት

ሰሜን አውሮፓዊቷ ፊንላንድ በሞተር ስፖርት ዓለም ስሟ ጎልቶ የሚጠራ አገር ናት። ኬኬ ሮዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ሚካ ሃኪነን በ1998 እና በ1999፣ ኪሚ ራይኮነን ደግሞ በ2007 የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቅተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ እነዚህን ሻምፒዮኖች ያፈራችው አገር በራሷ ምድር ላይ የዓለም ሻምፒዮና የትራክ ውድድር የማስተናገድ ዕድሏ እጅግ ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። ይህን ታሪክ ለመለወጥ የተወጠነው የኪሚሪንግ ትራክ ፕሮጀክትም የታለመለትን ግብ ሳይመታ ቀርቷል። የውድቀቱ ምክንያቶች ሲመረመሩ ግን ጉዳዩ ከስፖርት አልፎ፣ የሕዝብ ሀብት የሚፈስባቸውን ፕሮጀክቶች ለሚያቅዱና ለሚያጸድቁ አካላት ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ሆኖ ይገኛል።

ፊንላንድ የሞተር ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ውድድርን ለረጅም ጊዜ ያስተናገደችው በወቅቱ ከነበረችው ሶቪየት ኅብረት ድንበር አቅራቢያ በምትገኘው የኢማትራ ከተማ ነበር። የኢማትራ ትራክ ራሱን የቻለ የውድድር ሥፍራ ሳይሆን የከተማዋን መደበኛ መንገዶች ለውድድር የሚጠቀም ከመሆኑም በላይ የባቡር ሐዲድ ጭምር ያቋርጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በባለጎን ሞተር ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ስኮትላንዳዊው ጆክ ቴይለር በ1982 በዚሁ ሥፍራ በዝናብ በተካሄደ ውድድር ላይ በደረሰበት አደጋ ሕይወቱ አልፏል። ከዚያ ዓመት በኋላ የዓለም ሻምፒዮናው ወደ ፊንላንድ አልተመለሰም። በ1972 የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ያርኖ ሳሪነንን ላፈራች አገር ይህ በቀላሉ የሚታይ ክፍተት አልነበረም።

ክፍተቱን ለመሙላት ከዋና ከተማዋ ሄልሲንኪ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ኢቲ በተባለች አነስተኛ የገጠር ወረዳ ዘመናዊ ትራክ የመገንባት ዕቅድ ተነደፈ። ከ4 ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ይህ ትራክ የግል ባለሀብቶችን ገንዘብ ከመንግሥትና ከአካባቢ አስተዳደር ድጋፍ ጋር በማጣመር የሚገነባ ነበር። የዕቅዱ አራማጆች ትራኩ ሲጠናቀቅ ሞቶ ጂፒ የተሰኘውን የዓለም ታላቅ የሞተር ብስክሌት ውድድር በማስተናገድ ጎብኚዎችን እንደሚስብ፣ ለአካባቢው ሆቴሎችና ነጋዴዎች ገበያ እንደሚያስገኝ እንዲሁም የሥራ ዕድል እንደሚፈጥር ተስፋ አድርገው ነበር።

በዚህ ረገድ በቅድሚያ ሊጤን የሚገባው የአየር ጠባይ ጉዳይ ነው። በደቡባዊ ፊንላንድ መሬቱ በዓመት ውስጥ ለበርካታ ወራት በበረዶ የሚሸፈን ሲሆን፣ በአስፋልት ላይ የሚካሄዱ ውድድሮች የሚቻሉት በጥቅሉ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በሌላ በኩል በአፈር ውስጥ ያለ ውኃ ሲቀዘቅዝ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከሥር እየተሳበ የሚመጣው ውኃም በንብርብር እየረጋ አፈሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። በረዶው በፀደይ ወራት ሲቀልጥ ደግሞ መሬቱ መልሶ ይሰምጣል። በመደበኛ መንገድ ላይ ይህ ሁኔታ መለስተኛ ጉብታና ስንጥቅ ቢፈጥር አሽከርካሪው ፍጥነቱን ቀንሶ ያልፈዋል። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሚበር ሞተር ብስክሌት ላይ ለተቀመጠ ተወዳዳሪ ግን ትንሿ ጉብታ ለሕይወት አስጊ ልትሆን ትችላለች። በመሆኑም በእንዲህ ዓይነት አካባቢ የሚሠራ ትራክ ውኃ የማይቋጥር ጥልቅ የጠጠር መሠረትና አስተማማኝ የፍሳሽ ማስወገጃ ይፈልጋል፤ ይህም የግንባታ ወጪውን ከፍ ያደርገዋል። በአጭሩ፣ በበረዷማ አገር የሚገነባ ትራክ ወጪው ከፍተኛ፣ ገቢ የሚያስገኝበት ጊዜ ደግሞ አጭር ነው።

ከዚህ በመነሳት የኪሚሪንግ ፕሮጀክት ዋነኛ ድክመት የት ላይ እንደነበር መረዳት ይቻላል። ገቢ የሚሰበሰብበት ወቅት አጭር በመሆኑ የፕሮጀክቱ ተስፋ በሙሉ በአንድ ታላቅ ዓመታዊ ውድድር ላይ እንዲንጠለጠል ተደርጓል። የሻምፒዮናው የንግድ መብት ባለቤት ከሆነው ዶርና ኩባንያ ጋር ስምምነት የተደረሰውም ትራኩ ከመጠናቀቁ አስቀድሞ ነበር። በዚህም ምክንያት የግንባታው መርሐ ግብር ሲዘገይ የውድድሩ ቀን አብሮ እየተገፋ ሄዷል።

በነሐሴ 2019 ፊንላንዳዊው ሚካ ካሊዮን ጨምሮ የሞቶ ጂፒ ቡድኖች የሙከራ አሽከርካሪዎች ትራኩን ሞከሩት። ከዚያ በፊት ሲገፋ የቆየው ውድድርም ለሐምሌ 2020 ተቀጠረ። ይሁንና በዚያው ዓመት የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ዓለምን በማዳረሱ ውድድሩ ተሰረዘ። ለሐምሌ 2021 የተያዘው ፕሮግራምም በተመሳሳይ ምክንያት ተሰርዞ በምትኩ ኦስትሪያ ተጨማሪ ውድድር እንድታስተናግድ ተደረገ። ለሐምሌ 2022 የተያዘው ሦስተኛው ቀጠሮ ደግሞ ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በግንቦት ወር ተሰርዟል። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች ቀርበዋል። አንደኛው ትራኩ የብቃት ማረጋገጫ ለማግኘት የሚያስፈልጉት ሥራዎች አለመጠናቀቃቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሩሲያ በየካቲት 2022 በዩክሬን ላይ ወረራ ከፈጸመች በኋላ በአካባቢው የተፈጠረው ሥጋት ነበር። ትራኩን ያስተዳድር የነበረው ኩባንያም በመጨረሻ ለኪሳራ ተዳርጓል።

ወረርሽኝም ሆነ ጦርነት ዕቅድ አውጪዎች ሊቆጣጠሯቸው የሚችሉ ክስተቶች አይደሉም። ኃላፊነቱን በሙሉ በእነሱ ላይ መጫንም ፍትሐዊ አይሆንም። ሆኖም የግንባታው መጓተት ከወረርሽኙ በፊት የጀመረ ችግር ነበር። ሙከራ ከተካሄደበት ከ2019 በኋላ ሦስት ዓመታት ገደማ ቆይቶም ቢሆን ትራኩ አስፈላጊውን ማረጋገጫ አላገኘም። ስለሆነም ያልታሰቡት ክስተቶች የፕሮጀክቱን ውድቀት አፋጠኑት እንጂ ብቻቸውን አላስከተሉትም ማለት ይቻላል። ገቢው ከተለያዩ ምንጮች የሚሰበሰብ ድርጅት የአንድ ዓመት ውድድር ቢሰረዝበት ይጎዳል፤ በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ድርጅት ግን ምሰሶው ሲናወጥ አብሮ ይወድቃል።

የበረዷማ አካባቢዎችን ተሞክሮ በንጽጽር መመልከት ይህን ነጥብ ያጠናክረዋል። በኖርዌይ ሞ ኢ ራና አካባቢ፣ ከአርክቲክ ክበብ ብዙም ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የተከፈተ የውድድር ትራክ ይገኛል። ይህ ትራክ በዋነኛነት የሚያገለግለው ለአገር ውስጥና ለአካባቢው ውድድሮች እንዲሁም ለሥልጠና ነው። በሰሜናዊ ስዊድን አርየፕሎግ የተባለው አካባቢ ደግሞ በረዶውን እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ ሀብት ተጠቅሞበታል። የመኪና አምራቾች በክረምት ወራት በረዶ በሆኑ ሐይቆች ላይ አዳዲስ ተሽከርካሪዎቻቸውን ለመሞከር ወደዚያ ይጎርፋሉ። ፊንላንድም ራሷ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በሮቫኒየሚ የዓለም ራሊ ሻምፒዮናን በበረዶ ላይ አስተናግዳለች። በእርግጥ በረዶም ቢሆን ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። በ2020 በበረዶ እጥረት ምክንያት እንዲያጥር የተገደደው የስዊድን ራሊ ከ2022 ጀምሮ በስተሰሜን ወደምትገኘው ኡሜኦ ከተማ ተዛውሯል። አዘጋጆቹ ግን ቦታውን ከአየር ጠባዩ ጋር ለማጣጣም የወሰዱት ውድድሩን የማዛወር እንጂ አዲስ ግዙፍ ግንባታ የማካሄድ እርምጃ አልነበረም።

ከላይ ከተመለከቱት ሁኔታዎች ለመገንዘብ እንደሚቻለው፣ በበረዷማ አገር የሞተር ስፖርት ትራክ መገንባት በራሱ ስህተት አይደለም። ስህተቱ የሚጀምረው የአገልግሎቱ ዘመን አጭር መሆኑ እየታወቀ ወጪው ዓመቱን ሙሉ እንደሚሠራ ተቋም ሲታቀድ ነው። ግንባታው የሚደርስበት ቀን ሳይረጋገጥ የውድድር ቀን መቁረጥና ታላቁ ውድድር ባይመጣ ተቋሙ በምን እንደሚተዳደር አስቀድሞ አለመወሰንም ችግሩን ያባብሱታል። አንድ ፕሮጀክት ለውሳኔ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው በመልካም ዓመት የሚያስገኘው ጥቅም ነው። የኢቲ ተሞክሮ የሚያሳየው ግን በክፉ ዓመት ዕዳውን ማን እንደሚሸከም የሚለው ጥያቄ በዚያው ሰነድ ላይ፣ ፊርማው ከመቀመጡ በፊት፣ ግልጽ ምላሽ ሊያገኝ እንደሚገባ ነው።